ስልኩ የዘለላቸው ቃላት

በይፋት ቆላ አንዲት ልጃገረድ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ስታወራ ብትሰማ ዛሬ የሚደነግጥ ሰው የለም። «ጂቢ፣ ሩሒ፣ ነዚፊ፣ ጉሚ» እያለች የምትደጋግመው ከስልኳ ጋር ነው። ጂቢ አምጪ ማለት ነው፤ ሩሒ ሂጂ፣ ነዚፊ አጽጂ፣ ጉሚ ደግሞ ተነሺ። ስልኩ አንድ ጊዜ ይላል፤ እሷ ሦስት ጊዜ ትላለች። እናት ከምድጃው አጠገብ ሆና ትሰማለች። እሳት ልትጭር ብቅ ያለች ጎረቤትም ቆም ብላ አድምጣ፣ «ይቺም ልትሄድ ነው?» ብላ ትወጣለች።

በከተማ ለምንኖር እናቶችና ሠራተኞች የኢንተርኔት ትምህርት ሲባል ትዝ የሚለን በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቻችን ስልካችንን ይዘው የከረሙበት ጊዜ ነው። ወይም ደግሞ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብሎ በምሳ ሰዓት ማዳመጫ ጆሮው ላይ የሚሰካው የሥራ ባልደረባችን ነው። እርሱ ቢሰለቸው ነገ ይተወዋል፤ የሚጎድልበት ነገር የለም። ቋንቋን በስልክ መማር የሙያና የኑሮ፣ አንዳንዴም የነፍስ ጉዳይ የሚሆነው ሻንጣዋን እያዘጋጀች ላለች ልጅ ነው። ይህን በቅርብ ያየሁት በእናቴ አገር በአሊዩ አምባ ስለሆነ ስለዚያው ላውጋችሁ።

አሊዩ አምባን የማታውቁ አንባብያን ትኖሩ ይሆናል። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር ይደረሳል። ከአንኮበር ብርዱን ከኋላ ትቶ ገደል ገደሉን ወደ ምሥራቅ ሲወረድ፣ ጋቢው ከትከሻ እየተነሣ፣ ገብሱ በማሽላ እየተተካ ይሄድና ከተማዋ ትገኛለች። የዓርብ ገበያዋ የቆየ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ መተላለፊያው ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሡ የተላከው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሀሪስ በዚሁ በኩል አልፏል። በማግስቱ ዓመት ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የሚባል ሐኪም መጥቶ በከተማዋ ተቀምጧል፤ ያየውንም ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ላይ አሳትሟል። አፋሩ አሞሌውን ጭኖ፣ ደገኛው እህሉን ይዞ፣ አርጎባው ጥጡንና ሸማውን ተሸክሞ፣ የሐረር ነጋዴም ሸቀጡን ዘርግቶ እዚህ ይገናኙ ነበር። እንዲህ ባለ ገበያ ቋንቋ መማር ግድ የሚሆንበት ማን እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም፤ መሸጥ የፈለገ ነው። ገዢ በራሱ አፍ ይናገራል፤ ሻጭ ይከተለዋል።

የእናቴ አያት አፏን የፈታችው በአርጎብኛ ነበር። አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሾንኬንና ጦለሃን በመሳሰሉ መንደሮች ዛሬም እናት ለልጇ ትናገረዋለች። በአሊዩ አምባ ግን ቦታውን አማርኛ ይዞታል። አክስቴ ይህ እንዴት እንደሆነ ስትጠየቅ፣ «ማን ከለከለን? ገበያው በአማርኛ ሆነ፤ እኛም ገበያውን ተከተልን» ትላለች። አሁን ገበያው ባሕር ተሻግሯል፤ እነሆ የእሷ የመጨረሻ ልጅ ዓረብኛ ትማራለች።

ከዚህ አካባቢ ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር መሄድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭነው ወደ አዲስ አበባ በሚወጡት መኪናዎች ላይ እየተሳፈሩ የሄዱትን፣ ዕቃቸውን በፌስታል ጠቅልለው በሌሊት የወጡትን ብዙ ሰው ያውቃቸዋል። በ2006 ዓ.ም. መንግሥት ጉዞውን አግዶ ነበር። በዚያው ዓመት ከኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተባረው ገቡ። እገዳው በ2010 ዓ.ም. ሲነሣ መንገዱ እንደገና ተከፈተ። የአሁኖቹ ከቀድሞዎቹ የሚለዩበት ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ስልክ አላቸው።

የአክስቴ ልጅ ዕድሜዋ 21 ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች። ፓስፖርቷ ወጥቷል፤ ጉዞዋ በሕጋዊ ኤጀንሲ በኩል ስለሆነ ተራዋን ትጠብቃለች። ትምህርቱን የምትከታተለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፤ የሌሊቱ ፓኬጅ ርካሽ ነውና። በዚያ ሰዓት ቪዲዮዎቹን ስልኳ ላይ ታወርዳለች፤ ቀን ቀን እንጀራ እየጋገረች ትሰማለች። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ እንኳ ትምህርቱ እንዳልቆመ ነግራኛለች። አዲስ አበባ ደርሳ የመጣች አንዲት ልጅ በሚሞሪ ካርድ ጭና አምጥታው፣ ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከረመ። ለትምህርት እንዲህ ያለ ትጋት በየትምህርት ቤታችን ብናይ ምንኛ ደስ ባለን!

መምህርቷ ራሷ ለዓመታት ሳዑዲ ዓረቢያ ሠርታ የተመለሰች ኢትዮጵያዊት ናት። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ አትቸኩልም። አንዱን ቃል ለወንድ እንዴት እንደሚባል፣ ለሴት እንዴት እንደሚባል ለይታ ታስረዳለች። «ጂብ ካሉሽ ወንድሜን ነው፤ ጂቢ ካሉሽ አንቺን ነው» ትላለች። ዓረብኛና አማርኛ ዘመዳሞች መሆናቸውንም በቀላሉ ታሳያለች። ቤት ቤይት ነው፤ ደም ደም ነው፤ ሞት መውት ነው። ሱቅና ሳሙና፣ ቡና የምንጠጣበት ፍንጃልም ከዓረብ አገር የመጡ ቃላት ናቸው። ይህን የሰማች ጀማሪ፣ «ለካ ግማሹን አውቀዋለሁ» ብላ ልቧ ይሞላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ፈሪ ተማሪ አፉ አይፈታምና።

ዱኦሊንጎን የመሰለ ዓለም የሚያውቀው መተግበሪያ ለእንዲህ ያለችው ልጅ የሚፈይድላት የለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሕዝብ የተከፈተው ዱኦሊንጎ ዓረብኛን በ2019 ጨምሯል፤ ነገር ግን ዓረብኛውን በአማርኛ አያስተምርም። እንግሊዝኛ የማታውቅ ልጅ ደጃፉን አታልፍም። ብታልፍም የምታገኘው የመጽሐፍ ዓረብኛ ነው፤ የጅዳ ማድ ቤት የሚናገረው ሌላ ነው።

በዚህ ረገድ የታዘብኩትን አንድ ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ይቆጨኛል። ልጅቱ በልጅነቷ መስጊድ ሄዳ ቁርኣን ቀርታለች። ፊደሉን አሳምራ ታውቃለች፤ ድምፁንም ከጉሮሮዋ ታወጣዋለች። ታዲያ በመጀመሪያው ሳምንት ስልኩን ስታዳምጥ እንግዳ ነገር ሆነባት። እሷ ልብን «ቀልብ» ብላ ነው የምታውቀው፤ ስልኩ «ገልብ» ይላል። እሷ «ቁሚ» የምትለውን ስልኩ «ጉሚ» ይለዋል። ሳዑዲዎች በዕለት ንግግራቸው ቀውን ወደ ገ ስለሚወስዱት ነው። «እትዬ፣ መምህርቷ ተሳስታ ነው ወይስ ሸኼ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለቱም አልተሳሳቱም። ይህን ለሚያውቅ ሰው ግን ነገሩ የሚገርም ነው፤ ያ ከስልኩ የሚወጣው «ጉሚ» ዞሮ ዞሮ የኛው «ቁሚ» ነው።

መስጊድ መቅራቷ ሌላም ጥቅም አለው። ጽሑፍ ታነባለች። ትርጉሙን ባታውቀውም በየሕንፃው ላይ የተጻፈውን፣ በወረቀት ላይ የሰፈረውን እየነጠለች ድምፅ ትሰጠዋለች። በቁርኣኑ ላይ ያሉት የአናባቢ ምልክቶች በተራው ጽሑፍ ላይ ስለማይደረጉ መጀመሪያ ላይ ትቸገራለች እንጂ በሩ ክፍት ነው። ስልኩ ግን ማንበብን አያስተምርም፤ አብረዋት የሚማሩትን፣ ቁርኣን ያልቀሩትን ልጆች «ፊደሉን ተዉት፤ ጆሮ ይበቃል» ይላቸዋል። ጆሮ ለትእዛዝ ይበቃል። ለሥራ ውል ግን አይበቃም።

ከአክስቴ አጥር ማዶ አንዲት ሴት ትኖራለች። ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል። በ2006 ዓ.ም. ከሪያድ ተመልሰው ከገቡት አንዷ ናት፤ ዛሬ ዓርብ ዓርብ ቅመም ትሸጣለች። ልጅቱ ስትለማመድ አጥሩን ተጠግታ ታዳምጥና ታርማለች። ሲመሽ ደግሞ ቡና ላይ ትመጣለች። ከስልኩም ከእኔም የተሻለች አስተማሪ እሷ ሆና አገኘኋት።

«እኔ ስሄድ ሦስት ቃል ነበረኝ» አለችን። «ነዐም፣ ላ፣ ሹክረን። አዎ፣ አይደለም፣ አመሰግናለሁ። በሁለተኛው ቀን እመቤቲቱ ‹ጂቢ በሰል› አለችኝ። ጂቢ አምጪ እንደሆነ በእጇ ገባኝ። በሰል ምንድን ነው? መደርደሪያው ላይ ዐሰል የሚባለውን ቀድሞ ነግረውኝ ነበርና ማሩን አንሥቼ ሰጠኋት። ለካስ ሽንኩርት ኖሯል! የሽንኩርት አገር ልጅ ሽንኩርት አምጪ ተብላ ማር አቀረበች።» ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን ቶሎ አቆመች።

«ይህስ ይሳቃል» ብላ ቀጠለች፤ «ደመወዜን አምስት ወር አልሰጡኝም ነበር። መጠየቅ እፈልጋለሁ፤ ቃሉ የለኝም። የማውቀው ፉሉስ የሚለውን ነው፤ ገንዘብ ማለት ነው። እጄን ዘርግቼ ‹ማማ፣ ፉሉስ› እላታለሁ። እሷ እንደ ለማኝ ታየኛለች። አንዳንድ ቀን ዐሥር ሪያል ታወጣና በእጄ ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔም ‹ሹክረን› እላለሁ። የሠራሁበትን እየጠየቅሁ ምጽዋት ተቀብዬ አመሰግናለሁ! አንድ ቀን ጣራ ላይ ልብስ ስሰጣ በጎረቤት ጣራ ላይ ያለች ኢንዶኔዥያዊት ጠየቀችኝ። በምልክትም በስብርባሪ ዓረብኛም ነገርኳት። ‹ፉሉስ አትበዪ› አለችኝ፤ ‹ራቲብ በዪ። ራቲቢ። የኔ ራቲብ።› ያን ቃል ሌሊቱን ሙሉ ስለው አደርኩ። በማግስቱ ‹አብጋ ራቲቢ፣ ኸምሰት ሹሁር› አልኳት። ደመወዜን እፈልጋለሁ፣ የአምስት ወር። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያን ቀን በፊት አይታኝ የምታውቅ አይመስለኝም።»

የአምስቱን ወር በአንድ ጊዜ አልሰጧትም። የሦስቱን ሰጧት፤ የቀረው እስክትባረር ድረስ ሲንከባለል ቆይቶ እዚያው ቀረ። ያም ሆኖ ከዚያ በኋላ በየወሩ ትጠይቅ ነበር።

ይህን ከሰማሁ በኋላ የልጅቱን ስልክ ተቀብዬ የወረዱትን ትምህርቶች በሙሉ አንድ በአንድ አዳመጥኩ። የማድ ቤት ዕቃ አለ። የምግብ ዓይነት አለ። ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቀለም፣ የሕፃን ልጅ ነገር ሁሉ አለ። ግሦቹ ግን ከጥቂቶቹ በቀር ትእዛዝ ናቸው፤ አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጥበሺ፣ ዝጊ፣ ፍጠኚ። የመልሶቹ ምዕራፍ አንድ ሲሆን ርእሱ «ማዳም ስትጠራሽ ምን ትያለሽ?» ነው፤ መልሱም «ሓድር» ነው፤ እሺ፣ ዝግጁ ነኝ። ደመወዝ የሚለው ቃል አልፎ አልፎም አልተነሣም። ታምሜያለሁ የለም። ፓስፖርቴ የት ነው የለም። እምቢ የለም።

መምህርቷን ለመውቀስ አይደለም። በትምህርቱ ሥር ተማሪዎቹ የሚጽፉትን አስተያየት አንብቤአለሁ። አብዛኞቹ የሚለምኑት «የመጀመሪያውን ቀን እንዳልደናገጥ ትእዛዝ ትእዛዙን አስተምሪን» እያሉ ነው። ያን የመጀመሪያ ቀን እያሰቡ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጡ ልጆች ናቸው። ያስፈራቸውን ጠየቁ፤ የጠየቁትን አገኙ። ከዚያ ቀን ቀጥሎ ስድስት መቶና ሰባት መቶ ቀን እንዳለ የሚያስታውሳቸው ግን አላገኙም።

የቋንቋ ትምህርት ሲዘጋጅ ሁልጊዜ አንድ ሰው ታስቦ ነው። በ1956 እና በ1957 ዓ.ም. ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 እና 1965፣ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቋንቋ ተቋም ለዲፕሎማቶቹ የአማርኛ ትምህርት በሁለት ቅጽ አሳትሞ ነበር። ሰርጅ ኦቦሌንስኪ ከሁለት ኢትዮጵያውያን ጋር፣ ከደበበው ዘለሊዬና ከሙሉጌታ አንዱዓለም ጋር ሆኖ ያዘጋጀው 60 ምዕራፍ ያለው ሥራ ነው። ዛሬ ከነድምፁ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል። አሜሪካ የምትኖረው እኅቴም ለልጇ አውርዳው ነበር። ትምህርቱ ጥንቅቅ ያለ ነው፤ ሆኖም የታሰበው ለጎልማሳ የመንግሥት ሠራተኛ ነውና የስምንት ዓመት ልጅ ከአያቱ ጋር በስልክ ለመጫወት የሚፈልገውን ከዚያ ፈልቅቆ ማውጣት እናቲቱን አድክሟታል። አዘጋጆቹ ጥፋት የለባቸውም። ዲፕሎማቱን የላከው ሰው ለዲፕሎማቱ አስቦ፣ ጊዜና ገንዘብ አውጥቶ አዘጋጀለት። ለአክስቴ ልጅስ ማን አሰበላት?

ነገሩን ወደ ራሳችን ቤት ብናመጣውስ? በየቤታችን የምትሠራው ልጅ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ወይም በከምባትኛ ወይም በሌላ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ስትመጣ አማርኛዋ የተሰባበረ ይሆናል። አማርኛ የምታስተምራት የቤቲቱ እመቤት ናት፤ ሌላ መምህር የላትም። እስቲ እያንዳንዳችን፣ ያቺ ልጅ ከአፋችን በመጀመሪያው ሳምንት የሰማችውን ቃል እንቁጠር። አምጪ፣ ውሰጂ፣ አጥቢ፣ ዝጊ፣ ቶሎ በይ። እንግዲህ ሪያድና ቦሌ ያን ያህል አይራራቁም። በአንዳንድ ቤት ግን «ደመወዝሽ ይህን ያህል ነው፣ ቀኑም ይህ ነው፤ ሲያምሽ ንገሪኝ» የሚለውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው በምትሰማው ቃል፣ ካልሆነም አስተርጓሚ ጠርተው የሚነግሩ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ።

ወደ አሊዩ አምባ ልመለስ። ያን ሳምንት ማታ ማታ አንድ ደብተር ገዝተን ሥራ ጀመርን። ጎረቤቲቱ ትናገራለች፤ ልጅቱ ትደግማለች፤ እኔ በፊደላችን እጽፋለሁ። እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል ውለታ ዋለልን። አማርኛ ስንናገር ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ናቸው፤ አ እና ዐም አንድ ናቸው። ጽሕፈቱን የሚማሩ ልጆች «ለምን አስፈለጉ?» እያሉ የሚያለቅሱባቸው እነዚህ ፊደላት ለዓረብኛው ድምፅ ልክ ሆነው ተገኙ። «ተዕባና» ስጽፍ፣ ደክሞኛል ማለት ነው፣ ዐይኑን አደረግሁበት። ጎረቤቲቱ «ጉሮሮሽን ሰው ቀስ ብሎ እንደ ያዘሽ አድርገሽ አውጪው» ትላለች። ፊደል የማትለየዋ አክስቴ ሳትቀር ሞከረችው፤ ከሁላችንም የተሻለ አለችው።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ የጻፍነው የታወቀ ነው፤ «አብጋ ራቲቢ፣ ኩል ሸህር»፤ ደመወዜን በየወሩ እፈልጋለሁ። ቀጥሎ «አና መሪዳ፣ አብጋ ሙስተሽፋ»፤ ታምሜያለሁ፣ ሆስፒታል እፈልጋለሁ። «ወይን ጀዋዚ?» ፓስፖርቴ የት ነው? «አብጋ አከሊም ኡሚ»፤ እናቴን ላነጋግር። ይህችን ስትሰማ አክስቴ «ኡሚ ማለት እኔ ነኝ?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ ነጠላ ቃላት መጡ፤ ዐቅድ ውል ነው፣ ኢጃዛ የዕረፍት ቀን፣ ሰፋራ ኤምባሲ፣ ሹርጣ ፖሊስ። ለነዚህ ልጅቱ ራሷ የዓረብኛውን ጽሑፍ በጎን አኖረችበት፤ በወረቀት ላይ ስታያቸው እንድትለያቸው ነው።

በሦስተኛው ማታ ጎረቤቲቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሁን የምነግርሽን ስልክ አይነግርሽም» አለች። «ላ ተልሚስኒ። አትንካኝ ማለት ነው። ለወንድ ነው የሚባለው። ቀስ ተብሎ አይባልም፤ ጮክ ተብሎ ነው።» ልጅቱ ቀና ብላ እናቷን አየች። አክስቴ ምንም አልተናገረችም፤ ተነሥታ ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረች፤ እሳቱ ግን አልጠፋም ነበር። ልጅቱ ቃሉን በሹክሹክታ አለችው። «እንዲህ አይደለም» አለች ጎረቤቲቱ። እንደገና አለችው። «ቤቱ ሙሉ እንዲሰማሽ አድርገሽ!» በሦስተኛው ጊዜ ውጭ የታሰረው ፍየል ደንግጦ ተነሣ። ያን ጊዜ አክስቴ ከምድጃው ዞራ «አሁን ገና» አለች።

የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 በ2008 ዓ.ም. ሲወጣ፣ ወደ ውጭ የምትሄድ ሠራተኛ ለሥራው የሚያስፈልገውን ሥልጠና ወስዳ የብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ደንግጓል፤ አዋጁ በ2013 ዓ.ም. ተሻሽሏል። ማጠቢያ ማሽኑን፣ ምድጃውን፣ የሕፃኑን አያያዝ ማወቅ መልካም ነው፤ እሱን ሳታውቅ ብትሄድ የምትጎዳው እሷው ናት። ነገር ግን የምትፈርመውን ውል ዋና ዋና ቃላት በዓረብኛ ሰምታ የምትለይ፣ ጽሑፉን ስታየው የምታውቅ፣ ሦስቱንና አራቱን ዓረፍተ ነገር ሳትፈራ የምትናገር ካልሆነች ብቃቱ የሚያገለግለው አሠሪዋን ብቻ ነው። ይህን ለማስተማር ትልቅ በጀት አያስፈልግም። በየወረዳው ኖረውበት የተመለሱ ሴቶች ሞልተዋል። ቅመም እየሸጡ ነው። ጥቂት አበል ተከፍሏቸው በሥልጠናው ጣቢያ ለአንድ ሳምንት ቢቀመጡ፣ ወይም በስልክ የሚያስተምሩት መምህራን ሁለት ምዕራፍ ብቻ ቢጨምሩ የሚደርሰው ለብዙ ሺህ ልጆች ነው።

ልጅቱ ከሄደች አራተኛ ወሯን ይዛለች። ጅዳ ናት። ድምፅዋን ቀድታ ትልካለች፤ አክስቴ ለኔም ታስተላልፍልኛለች። ቤቱ ሦስት ልጆች አሉት፤ ትንሹ ለምዷታል፤ «ነዚፊ»ው ብዙ ነው። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ደብተሩን አውጥታ አንብባ «አብጋ ራቲቢ» ብላ ጠየቀች። እመቤቲቱ በመስጊድ አነጋገሯ ሳቀችባትና ሰጠቻት። በሁለተኛውም ወር ሰጠቻት። በሦስተኛው ወር ግን «ቡክራ» አለቻት። ነገ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ሦስት ቀን ሆኗል።

አክስቴ ይህን እንደ ሰማች ስልኳን ይዛ አጥሩን ተሻገረች። ጎረቤቲቱ ቅመም እየነፋች ነበር። ወንፊቱን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። «ስሚኝ እታለም፤ ቡክራ ስትልሽ ‹ላ ቡክራ፣ አልየውም› በያት። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። አልየውም። ደግሜ ልበልልሽ፤ አልየውም» ብላ ቀዳችላት።